የሦስተኛው ቅያሪ ሙግት

ደብተሩ ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል። ጠላ የፈሰሰበት ገጽ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ አንዳንዱ ቅጠል ከአንዱ ጋር ተጣብቆ በቢላ ነው የምፈለቅቀው። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ በኳስ ምክንያት የተያዘ ውርርድ ሁሉ ተጽፎበታል፤ ማን ከማን፣ በምን ጉዳይ፣ ስንት አስይዞ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደተፈረደ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መያዣው የሚቀመጠው ግን እሷ ዘንድ ስለነበረ፣ ገና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ «አንቺ ጻፊ፣ እኔ እይዛለሁ» ብላ አስጀመረችኝ።

ቤታችን ፍኖተ ሰላም ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። እናቴ ጠላ መጥመቅ ስትጀምር ከተማዋን በድሮ ስሟ ወጀት ብለው የሚጠሩ ሽማግሌዎች ገና አላለቁም ነበር። «ፍኖተ ሰላም»፣ የሰላም መንገድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው በጎጃም በኩል ሲያልፉ ያወጡላት ስም ነው። ቤቷ ዙሪያውን መደብ ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። ጥግ ላይ ጋን፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ ራዲዮ። ራዲዮኑ ባለ ቆዳ ልብሱ ናሽናል ነበር። ጨዋታ ባለበት ቀን የባትሪ ድንጋዮቹን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ እንደ ብቅል እያገላበጥኩ። ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ማታ ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፍ ድምፁ እንዳይደክም የእኔ ድርሻ ይህ ነበር።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ታኅሣሥ 17 ቀን 1980 ዓ.ም. ይላል። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ። አንድ ለአንድ አልቆ በሪጎሬ 5 ለ 4 አሸነፍን። ሪጎሬ የምለው በዚያ ዘመን አፍ ነው፤ ፔናሊቲ የሚለው ቃል እዚህ ቤት የገባው በኋላ ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ያን ማታ ጠላው ከጋኑ ሥር እስኪጠለል ተጠጣ። ሙግቱ የተነሣው ግን ከደስታው በኋላ ነው። አንዱ አሰልጣኙ መጨረሻ ላይ ልጆቹን ወደፊት መልቀቁ እብደት ነበር አለ፤ ሌላው ባይለቅማ ምን ዋንጫ አለ አለ። ሁለቱም ጨዋታውን አላዩትም። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በዕድሜው ስታዲየም አይቶ የማያውቅ ነበርና፣ ደምሴ በቀኝ ክንፍ ሲል እሱ የሚታየው ከላህ ወንዝ ማዶ ያለው ግጦሽ መሬት መሆኑን ነግሮናል። እያንዳንዱ በልቡ ሜዳ የየራሱን ጨዋታ ነበር የሚያይ።

ስለዚህ ቆሎ ተዘረጋ። ይህ የቤታችን ሥርዓት እዚያ ማታ ነው የተጀመረው። መደቡ ላይ ነጠላ ይነጠፋል፤ ሽምብራው የእኛ ቡድን፣ ገብሱ የባላጋራ፣ አንድ የሱፍ ፍሬ ኳስ። ተሟጋቹ ተነሥቶ ቆሞ ያስረዳል። ቁጭ ብሎ የሚከራከር አይሰማም። ይህን ሥርዓት የሰጡን ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዲጻፍ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። አውራጃ ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። የገበሬው ሁሉ የድንበር፣ የውርስ፣ የበሬ ነገር በእሳቸው እጅ አልፏል።

ጋሼ ይነግሩን እንደነበረው፣ ዛሬ «እሰጥ አገባ» ስንል ተራ ጭቅጭቅ ማለታችን ነው፤ ድሮ ግን ቃሉ የችሎት ነበር። ተሟጋቹ በዳኛ ፊት አደግድጎ ይቆማል፣ በላ ልበልሃ ብሎ በግጥምና በምሳሌ ይገጥማል። ቃሉንም በውርርድ ያጸናል፤ ይህን ባላስረዳ ማር እሰጣለሁ፣ ፈረስ እሰጣለሁ፣ በቅሎ እሰጣለሁ ይላል። የተረታው ያስያዘው ብዙውን ጊዜ የሚገባው ለዳኛው ነበር። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጣ የችሎቱ አሠራር በወረቀት ሰፈረ፤ በላ ልበልሃውም ከፍርድ ቤት በር ወጣ። የት እንደገባ የማውቀው እኔ ነኝ። ጠላ ቤት ገባ። ጋሼ ያደረጉት አንድ ማሻሻያ ብቻ ነው፤ የተረታው ያስያዘውን ዳኛው ሳይሆን ቤቱ በሙሉ እንዲጠጣው።

ሌላው ሕጋቸው ከሁሉም የጠበቀ ነበር። «ውጤቱን ማስረጃ አታድርግ» ይላሉ። አሰልጣኙ በወሰነባት ደቂቃ ያየውንና የሚያውቀውን ብቻ ይዘህ ተሟገት። ኳሷ ከዚያ በኋላ የት እንደገባች የሚጠቅስ ሰው ወዲያው ይቀመጣል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው በከዘራቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፣ በቃ። እኔ ይህችን ሕግ የማያከብር የኳስ ወሬ ዛሬም መስማት አልችልም። ተሸነፈ፣ ስለዚህ ተሳሳተ። አሸነፈ፣ ስለዚህ ሊቅ ነው። እንዲህ ከሆነማ ክርክሩ ለምን አስፈለገ፣ ውጤቱን ማንበብ ይበቃ አልነበረም?

የ1954ቱን ነገር የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ገጠመች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩን። አንድ ጊዜ አቻ አደረግን፤ ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና አገቡብን። ጨዋታው ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። ዋንጫውን ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። (ዋንጫ ስንል እኛ ቤት መጀመሪያ የሚመጣብን የቀንዱ ነው፤ ጠላ የሚጠጣበት። አሸናፊ የሚቀበለው ዕቃ በመጠጫ ስም መጠራቱ ደስ ይለኛል።) ጋሼ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ግን ሌላ ነበር። «ይድነቃቸው ተሰማ 2 ለ 1 እየተመራ፣ ሰዓቱ እያለቀ፣ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» መልሱ ምንም ነው። በዚያ ዘመን ቅያሪ የሚባል ነገር የለም። የገባው 11 ሰው ነው የሚጨርሰው። አሰልጣኝ ውሳኔውን ሁሉ ጠዋት ወስኖ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ እኛው ቲፎዞ ነው።

ቅያሪ በዓለም ዋንጫ የተፈቀደው በሜክሲኮው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሁለት ሰው። ሦስት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አምስት የሆነው ኮሮና ከመጣ በኋላ። ደብተሬም ይህንኑ ነው የሚመሰክረው፤ በ1980ዎቹ ገጾች ላይ ሙግቱ ስለ ተጫዋች ነው፣ ማን ሳተ፣ ማን አቀበለ። ወደ ኋላኞቹ ገጾች ስንመጣ ግን ስለ አሰልጣኝ ይሆናል፤ ማንን አስወጣ፣ መቼ፣ ለምን። ቅያሪው ሲበዛ ተጠያቂው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተገኘ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱን ያዝኩ። በ2002 ዓ.ም.፣ ለደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ፣ ዲሽ ተከልኩ፣ ቴሌቪዥን ገዛሁ፣ ጠላውንም አልተውኩም። ሰዉ ዲኤስቲቪ ቤት ይለዋል፤ መደቡ ግን ያው መደብ ነው፣ ቆሎውም ያው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ቆሎው ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። ካሜራው ኳሷን ነው የሚከተል፤ አሰልጣኙ የሚያየውን ሜዳ በሙሉ የሚያሳይ ያ ነጠላ ብቻ ነው።

ከዚያ 2005 መጣ። ጥቅምት 4 ቀን ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 ስንረታ፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ውጭ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አሳለፉን። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ! ያን ማታ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ነበር፤ የማላውቀው ሽማግሌ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም። ደስታ ላይ ሙግት የለም፣ ገጹም ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው። ቀኑ ጥር 13፣ የ1954ቱ ፍጻሜ የተደረገበት ያው ቀን፣ በ51ኛው ዓመት። ጋሼ ይህን ሲያስታውሱን ቤቱ ዝም አለ። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ቅያሪ ስለነበረን ተጠባባቂ በረኛ ገባ፤ በ10 ሰው ከግማሽ በላይ ተጫውተን አዳነ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። በአራተኛው ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ቀጣችን። እሱን ያየ ሰው ጠላውን አልጨረሰም።

የቀረው ናይጄሪያ ነው። ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም። ቀን ንግሥ ውለናል፤ ታቦት ሸኝተን፣ ለእንግዳ ያወጣነውን ሳህን ሳናነሣ ምሽት 2 ሰዓት ሆነ። ከቡሬ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ለበዓሉ ዘመድ ጥየቃ መጥቶ ነበር፣ በየጊዜው የሚመጣ ደንበኛዬ። ቡሬ መገንጠያ ናት፤ የነቀምቱም የባሕር ዳሩም መኪና ይቆምባታል። እዚያ ያደገ ሰው ነገር ያውቃል፣ ሲናገርም ቶሎ ቶሎ ነው። ከእሱ ትይዩ መምህሩ ተቀምጧል፣ ከተማው ውስጥ የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ።

ሰባ ደቂቃ ሲያልፍ 0 ለ 0 ነበር። ሂሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንድ ነጥብ ነው ያለን፣ አቻ ለእኛ ምንም አይደለም፣ ማሸነፍ አለብን። በዚያው ሰዓት በሌላው የምድባችን ጨዋታ ኔልስፕሩት ላይ ዛምቢያና ቡርኪና ፋሶም 0 ለ 0 ነበሩ፤ እንደዚያውም አለቁ። አንዲት ጎል ብትገኝ ሩብ ፍጻሜ ነበርን። በ80ኛው ደቂቃ ግን ሪጎሬ ተሰጠብን፣ ቪክተር ሞሰስ አገባው። ሰዓቱ ሲያልቅ ሞሰስ እንደገና ወደ ግብ ሮጠ፣ በረኛው ሲሳይ ባንጫ ጣለው። ሪጎሬ፣ በዚያ ላይ ቀይ ካርድ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሦስቱንም ቅያሪ ጨርሰዋል።

አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንቱን ሲያጠልቅ ያየሁትን አልረሳውም። የሌላ ሰው ልብስ፣ የሌላ ሰው ጓንት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያስገባ ካሜራው ቀረብ አድርጎ ያሳየናል። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ የለም። ከመደቡ ጫፍ አንዲት እናት «እመ ብርሃን፣ ዛሬ ቀንሽ ነው» አለች። ሞሰስ መታ፣ ገባ። 2 ለ 0።

መብራቱን አበራሁ። የሄደ ሰው የለም። ነጋዴው ተነሣ፤ ነጠላውን ወገቡ ላይ አጠፈና 100 ብር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረ። «ሦስተኛውን ቅያሪ መጨረሱ ጥፋት ነው፤ አስይዣለሁ» አለ። መምህሩም 100 ብር አኖረ። ጋሼ ቆሎ እንዲመጣ አዘዙ።

«አባቴ፣» አለ ነጋዴው፣ «ውጤቱን አልጠቅስም፣ ሕጉን አውቃለሁ። የማነሣው ያለፈውን ነው። ከስምንት ቀን በፊት ይኸው ቡድን በረኛው በቀይ ወጥቶበታል። ያን ጊዜ የዳነው ቅያሪ ስለነበረው ነው። አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ሁለተኛ አያስብም? እኔ የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ ሳፈላ ያፈላሁትን በሙሉ ማሳ አላወርድም። የሞተውን የምተካበት አስቀራለሁ። የቡሬ ገበሬ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርግ።»

ሰዉ ደስ አለው። እኔም ያለቀለት መሰለኝ። መምህሩ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ለመተኪያ የምታስቀረው መቼ ነው? ዝናቡ ገና ሲቀጥል ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ መሬቱ ደርቆ፣ መደቡ ላይ የቀረው ችግኝ ለምንህ ነው? በ80ኛው ደቂቃ ክረምቱ እያለቀ ነበር። አቻ ብንወጣ እንወድቃለን፣ ብንሸነፍም እንወድቃለን። ሰውነት ያቺን አንድ ሰው ለማን ያስቀምጣት? ያለውን ሁሉ ተከለ። እኔ ብሆን እተክል ነበር።»

ያ መልስ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የባላጋራውን ምሳሌ ሳይጥል፣ እዚያው ምሳሌ ውስጥ ገብቶ ገለበጠው። ጋሼ በላ ልበልሃ የሚሉት ይህን ነበር።

ክርክሩ እስከ ሌሊት 6 ሰዓት ሄደ። ሽምብራውን አሰለፉት፣ አነሡት። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ አርጅቶም ይመጣ ነበር፣ ናይጄሪያዎች ፈጣኖች መሆናቸው እየታወቀ ተከላካዩን ማሳሳት ነበር ጥፋቱ ብሎ ጉዳዩን ሌላ ሊያደርገው ሞከረ፤ ጋሼ «ያልተከሰሰበትን አትክሰሰው» ብለው አስቀመጡት። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቆሜ ተሟግቼ አላውቅም። ጸሐፊ ነኝ፣ ቀጂ ነኝ። ያን ማታ ግን የአዲስ ሕንጻ ጣቶች ከዓይኔ አልጠፋ አሉ፤ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል?» አልኩ። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ቁሚ» አሉኝ።

ቆምኩ። መቅጃው እጄ ላይ ነበር። «ሦስተኛውን መጨረሱ ጥፋት አይመስለኝም፤ መምህሩ እንዳለው ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቅያሪውን ሲጨርስ፣ በረኛው ቢወጣ ማን እንደሚገባ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር ወይ? እኔ ጠላ ስጠምቅ ጋኑ ቢሰነጠቅ ወዴት እንደምገለብጠው አውቃለሁ። ባዶ እንስራ አጠገቡ አለ። ሁለተኛ ጋን መግዛት አልችልም፣ እንስራ ማዘጋጀት ግን እችላለሁ። ያ ልጅ ልምምድ ላይ አንድ ቀን ጓንት አጥልቆ ከነበረ አሰልጣኙ ጥፋት የለበትም። እዚያው ሜዳ ላይ ተፈልጎ ከተገኘ ግን፣ ጥፋቱ ቅያሪው ሳይሆን እሱ ነው።»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ «ይህን ሊመልስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ የለም። ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም። ጉዳዩ ተቀጥሯል» አሉ። በደብተሩ ላይም እንዲሁ ጻፍኩ፤ «አሰልጣኙ እስኪሰማ ተቀጥሯል።» ሁለቱን መቶ ብሮች ገጹ መሐል አኖርኩ። ያን ዓመት ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች፤ በፍጻሜው 1 ለ 0 ያሸነፈችው ቡርኪና ፋሶን ነው። ሁለቱም ከእኛው ምድብ ነበሩ። ይህን ለመምህሩ ድጋፍ አድርጎ የጠቀሰ ሰው ነበር፤ ውጤት ነው ተብሎ ተቀመጠ።

ያው ዓመት ሳያልቅ ሌላ መዝገብ ተከፈተ፤ በሕግ ረገድ ከሁሉም የከበደው። ሰኔ 1 ቀን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ሜዳዋ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ በዚያ ጨዋታ አንድ ሳጥን ቢራ ተወራርዶ ተከፍሎ ተጠጣ። ሰኔ 9 አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታን፣ ምድቡን ጨረስነው ብለን መንገድ ወጣን። ዘፈኑ ሳይበርድ ዜናው መጣ፤ ፊፋ ምርመራ ጀምሯል። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ይዞ እያለ ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል። አንዱ ቢጫ የ2004ቱ የደቡብ አፍሪካ ጨዋታ፣ አንዱ የመጋቢት 15ቱ የቦትስዋና። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ጨዋታው 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተሰጠ፣ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን።

እንግዲህ ቢራውን የከፈለው ሰውዬ መጥቶ ሳጥኔ ይመለስልኝ አለ። ፊፋ ቦትስዋና አሸነፈች ካለ፣ የተረታው እኔ አይደለሁም። ጠጪዎቹ ሳቁ፣ እሱ ግን ከልቡ ነበር፤ ጋሼም ከልባቸው ሰሙት። ብይናቸው በእጄ ጽሑፍ እንዲህ ነው፤ «ውርርዱ በሜዳ ላይ በተደረገው እንጂ በቢሮ በተጻፈው ላይ አልነበረም። ቢራው በትክክል ተጠጥቷል። ካርድ ያልቆጠረው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው ይታያል።» ለብቻው ታየ። በእኔ ፍርድ ከሦስተኛው ቅያሪ ጋር የሚወዳደር ጥፋት አይደለም፣ እጅግ ይብሳል። ቅያሪ በሰከንድ የሚወሰን ነገር ነው፣ ጩኸት አለ፣ ላብ አለ። ቢጫ ካርድ ግን ወረቀት ላይ ይተኛል፤ እኔ እንኳ አንድ ጠላ ቤት ውስጥ ሆኜ የሁሉን መያዣ እመዘግባለሁ። ደግነቱ ልጆቹ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን ሁለተኛ ጊዜ ጨረሱት።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አገባ፣ ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፣ በ90ኛው ደቂቃ ራሱ ኤሜኒኬ በሪጎሬ 2 ለ 1። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ አሰልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ። የዚያን ሰሞን ገጾች ማንበብ አልወድም። ብዙው ሰው ሕጉን ረስቶ ነበር፤ ስለ ሰውዬው ሲናገር ካለፈው ሁሉ መጨረሻውን ብቻ ይዞ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የወሰደንን ሰው!

ሰኔ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሌሊት 5 ሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው የዓለም ዋንጫውን የሆላንድና የኮስታሪካን ጨዋታ እያየን ነበር። ጭማሪው ሊያልቅ ሲል ሉዊስ ቫን ጋል የመጨረሻዋን ቅያሪ አውጥቶ በረኛውን ሲለሰንን በቲም ክሩል ተካው፤ ለሪጎሬ ብቻ። ክሩል ሁለት አዳነ። የቡሬው ነጋዴ በዚያ ዝናብ ስልክ ደወለልኝ። «ጻፊው፣» አለኝ፣ «ችግኝ አስቀርቷል!» ከአራት ቀን በኋላ ከአርጀንቲና ጋር በነበረው ግማሽ ፍጻሜ ያው ቫን ጋል ሦስቱንም ጨርሶ ሪጎሬ ደረሰበት፤ ሲለሰን አንድም ሳያድን 4 ለ 2 ወደቁ። ጠዋት መምህሩ ወደ ሥራው ሲያልፍ በሩ ላይ ቆሞ «አንድ ሰውዬ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አደረገው» ብሎኝ ሄደ። ሁለቱንም ቃል በዚያው ገጽ ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ።

ዛሬ ከተማው ውስጥ የውርርድ ቤት ተከፍቷል። ወጣቱ ትኬቱን ቆርጦ እኔ ቤት ይመጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ትኬቱን ያያል፣ ያስቀዳል ወይም ይቀድደዋል፣ ይወጣል። ቆሞ አስረዳ የሚለው የለም። ከማን ጋር እንደተወራረደ እንኳ አያውቅም። እኔ አልከለክልም፣ ጠላውን ይጠጡልኝ። ግን ውርርድ ፊት ለፊትህ የቆመ ባላጋራ ሳይኖርህ ምን ይባላል? ጋሼ ቢያዩት ለዚህ ስም ያጡለት ነበር።

ጋሼ በ2012 ዓ.ም. ክረምት አረፉ። ከዘራቸውን ልጆቻቸው ወሰዱት፤ ደብተሩ እኔ ጋ ቀረ። በመስከረም 2013 መንግሥት የብር ኖቶችን ቀየረ። አሮጌው መቶ ብር በጥቂት ወር ውስጥ ዋጋ ያጣል ተባለ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ገጹን ስገልጥ ሁለቱ መቶዎች እንዳስቀመጥኳቸው ናቸው፤ አንዱ ጥግ ላይ የጠላ ነጠብጣብ ነክቶት። የእኔ አይደሉም፣ ልለውጣቸው አልችልም። ለመምህሩ ላክሁበት፣ ለቡሬው ነጋዴ ደወልኩ። ጋሼ የሉም፣ ዳኛ የለም፣ ውሰዱ ወይስ ምን ላድርግ አልኳቸው። መምህሩ «እሱ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነጋዴውም «እሱ ምን አለ?»። ሁለቱም ያሉት አንድ ነበር፤ አሰልጣኙ አልተሰማም።

ባንክ ሄጄ ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። ለገንዘብ ያዡ ልጅ ሁለቱን ብቻ ስሰጠው ለየብቻ እንዲለውጥልኝ ለመንኩት፤ አንዱ የአንዱ ሰው፣ አንዱ የሌላው ስለሆነ። ግራ ቢገባውም ለየብቻ ለወጠልኝ። ቤት ገብቼ በጥር 21ዱ ገጽ ላይ፣ «ተቀጥሯል» ከሚለው ሥር፣ የቀየርኩበትን ቀን ጻፍኩና አዲሶቹን መልሼ አኖርኳቸው።